ለከፍተኛ መኪና ክሪክ ሲገዙ ቶኑን ብቻ አይዩ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የመኪና ዕቃ መሸጫ ገብተው «ክሪክ» ቢሉ ሻጩ ይገባዋል። ቃሉን እኛ ከጣሊያን ወሰድነው፣ እነሱ ከፈረንሳይ፤ ዕቃው አንድ ነው። ችግሩ የሚጀምረው «የትኛውን?» ሲልዎ ነው። አብዛኛው ደንበኛ በቶን ይመልሳል፤ «የሦስት ቶን ስጠኝ» ብሎ ከፍሎ ይወጣል። ግቢው ደርሶ ላንድክሩዘሩ ሥር ሲያስገባው ክሪኩ እስከ መጨረሻው ወጥቶ ጎማው ገና መሬት ላይ ነው። ያኔ ብሎኬት ይፈለጋል፤ አደጋውም አብሮ ይመጣል።

እዚህ የምናወራው ጅቡቲዎች «ክሪክ ሩሌር» ስለሚሉት፣ በትናንሽ ብረት ጎማዎች ስለሚገፋው የወለል ክሪክ ነው። በገላፊ ወይም በደወሌ በኩል ለበግና ፍየል የሚመላለስ ነጋዴ ፒክአፑን የሚያስፈትሸው ከተማ ሲገባ ነው። ባሌስትራ የሚታየው፣ ፍሬን የሚፈታው ያኔ ነው። አንድ ሰው መኪና ሥር ረጅም ሰዓት የሚተኛውም ያኔ ነው።

ከክብደቱ እንጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። ላንድክሩዘር ፒክአፕ ባዶውን ከሁለት ቶን ትንሽ ይበልጣል፣ ሲጫን ሦስት ቶን ያልፋል። ክሪኩ ግን ሙሉውን መኪና አያነሳም፤ የፊቱን ወይም የኋላውን ብቻ ነው የሚያነሳው። ስለዚህ በእውነት ሦስት ቶን የሚችል ክሪክ ይበቃል። ለቤት መኪና የተሠራው ባለ ሁለት ቶን ግን ክብደቱን ቢችል እንኳ ከፍታው አይደርስም፤ ብዙዎቹ 40 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞሉም።

ዋናው ነገር ከፍታው ነው። እሱም የሚወሰነው ክሪኩን የት እንደሚያስገቡት ነው። 7.50 አር 16 ጎማ ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የአክስሉ መሐል እንግዲህ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። አክስሉን ከሥሩ ካነሱት ጎማው ወዲያው አብሮ ይነሳል፤ 50 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ ክሪክ ይበቃዎታል። ሻንሲውን ካነሱ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሻንሲው ከፍ ሲል ባሌስትራው ወይም ሞላው እየተዘረጋ አክስሉ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ጎማው መሬት የሚለቀው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሻንሲው ሲጀመርም ከግማሽ ሜትር በላይ ስለሆነ 70 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚወጣ ክሪክ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ለከፍተኛ መኪና ተብሎ የሚሠራ ሲሆን ከባድና ውድ ነው።

የእኔ ምክር፣ የመኪናዎ አክስል ከፊትም ከኋላም ድፍን ከሆነ፣ ላንድክሩዘር ፒክአፕ እንደዚያ ነው፣ ለረጅሙ ክሪክ ገንዘብ አያውጡ። የአዲሶቹ ሃይሉክስ ፊት ግን እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የተንጠለጠለበት ነው፤ የሚነሳው መመሪያው ካሳየው የሻንሲ ቦታ ስለሆነ ከፍታ ይጠይቃል። ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ሜትር ይዘው መኪናው ሥር ይግቡና የሚነሳበትን ቦታ ከፍታ ይለኩ። አንድ ጊዜ ጎማው ሙሉ እያለ፣ አንድ ጊዜ ተንፍሶ። የተነፈሰው ልክ ክሪኩ ዝቅ ብሎ መግባት መቻሉን ይነግርዎታል።

ሻጮች የማይናገሩት አንድ ጠባይ አለ። የወለል ክሪክ ክንዱ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ቅስት እየሠራ ነው የሚነሳው። ስለዚህ መኪናው ከፍ ሲል ክሪኩ ራሱ በጎማዎቹ ወደ ውስጥ መንከባለል አለበት። ለስላሳ ሲሚንቶ ላይ ይንከባለላል። ባልባላ አካባቢ እንዳሉት ብዙ ግቢዎች ጠጠርና አሸዋ ከሆነ ጎማዎቹ ይሰምጣሉ፤ ክሪኩ መሄድ ሲያቅተው ወይ መኪናውን ይጎትታል ወይ ጫፉ ከአክስሉ ይንሸራተታል። ሲሚንቶ ከሌለ ወፍራምና ሰፊ ጣውላ ወይም ላሜራ አንጥፈው ክሪኩን ከነጎማው ላዩ ላይ ያቁሙት። ክሪኩ ጫፍ ላይ ቁራጭ እንጨት ደራርቦ ከፍታ ማሟላት ግን የሰው ሕይወት የሚበላ ብልሃት ነው። ብሎኬትም እንዲሁ፤ ሳይሰነጠቅ፣ ሳያስጠነቅቅ በአንዴ ይፈረካከሳል።

የእጅ ፍሬን አያዘናጋዎት። በላንድክሩዘር ፒክአፕ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ እነሱ ከተነሱ መኪናውን የሚይዝ የለም። ስለዚህ ኋላውን ሲያነሱ ከፊት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይግባ። ዲፌንደር ላንድሮቨር ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ከካምቢዮው የሚወጣውን ዘንግ ስለሆነ አንድ የኋላ ጎማ ብቻ ቢነሳ እንኳ መኪናው ሊሄድ ይችላል።

ክሪክ ማንሻ ነው፣ መያዣ አይደለም። ውስጡ ያለው ዘይት የሚይዘው በአንዲት ትንሽ ጎሚኒ ነው። ስለዚህ ከክሪኩ ጋር ጥንድ ማቆሚያ ብረት ካልገዙ ግዢው ግማሽ ነው። በጅቡቲ ሱቅ «ሻንዴል» ብለው ይጠይቁ፤ በፈረንሳይኛ ሻማ ማለት ነው። የተጻፈው ቶን ለአንዱ ይሁን ለጥንዱ ያጣሩ፤ ብዙዎቹ ለጥንዱ ነው የሚጽፉት። ማቆሚያዎቹ የሚገቡት አክስሉ ሁለት ጫፍ ላይ ነው። ከገቡም በኋላ መኪናውን በእጅ ነቅነቅ ያድርጉት፤ የሚወድቅ ከሆነ ማንም ሥሩ ሳይገባ ይውደቅ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሃርበር ፍሬይት የተባለው የአሜሪካ ቸርቻሪ ጥርሳቸው በደንብ ላይነክስ ይችላል በሚል 1.7 ሚሊዮን ያህል ማቆሚያ ብረቶችን ከገበያ ሰብስቧል። እዚያም እንዲህ ከሆነ፣ ስሙ ያልታወቀ ርካሽ ብረት ሲገዙ ብየዳውን በዓይንዎ ይዩ።

አሁን የእኛ ንግድ ጉዳይ። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ክሪክ ላይ ሆኖ ጭነቱ አይንቀሳቀስም፤ የእኛ ጭነት ግን ይንቀሳቀሳል። ሃያ ፍየል በአማካይ 25 ኪሎ ቢመዝን ግማሽ ቶን ነው። ውሻ ጮኸ፣ ጡሩንባ ተነፋ፣ ፍየሎቹ በአንዴ ወደ አንድ ወገን ሸሹ፤ ግማሽ ቶን ወደዚያ ዞረ ማለት ነው። ይህን የሚችል የወለል ክሪክ አልተሠራም። ከአረፋ በፊት ባሉት ሳምንታት፣ ዳመርጆግ ኳራንቲን ለመድረስ ሁሉም ሲጣደፍ፣ «ሳይወርዱ ቶሎ እንቀይር» የሚል ረዳት አይጠፋም። ከተማ ውስጥ ማውረጃ ቦታ ሞልቶ ይህን ማድረግ ምክንያት የለውም። መንገድ ላይም ቢሆን እንስሳቱ ወርደው፣ ታስረው ነው ክሪክ የሚገባው።

ለመንገድ፣ በግራንድ ባራ ሜዳም ሆነ በዲኪል በኩል፣ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን የወለል ክሪክ ተሸክመው አይዙሩ። እንደ ጠርሙስ ቀጥ ብላ የምትቆመው የዘይት ክሪክና አንድ ጠንካራ ጣውላ አክስሉ ሥር ሥራቸውን ይሠራሉ። የወለሉ ክሪክ ቤቱ ግቢው ነው።

እዚያም ጠላቱ የባሕሩ ጨው ነው። ዘንጉ ውጭ ቀርቶ ካደረ ይዝጋል፤ ዝገቱ ጎሚኒውን ይቆርጣል። ሥራ ሲያልቅ ሙሉ በሙሉ ዝቅ አድርገው፣ በጨርቅ ጠርገው፣ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት። ዘይት ሲጎድለው የክሪክ ዘይት ብቻ ይጨመር። የፍሬን ዘይት ጎሚኒውን ያበላሻል፤ መበላሸቱን የሚያውቁትም መኪናው ቀስ እያለ ሲወርድ ነው።

ዋጋን በተመለከተ፣ የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ በ177.721 ለአንድ ዶላር ተተክሎ የቆየ ነው። ሁለት ሱቆች መካከል ትልቅ ልዩነት ካዩ ምንዛሪውን አይጠርጥሩ፤ ብረቱን ነው የሚጠረጥሩት። ኢኤን 1494 የሚል የአውሮፓ መለኪያ ታርጋው ላይ መኖሩን ይዩ። ታርጋ ግን መለጠፍ ቀላል ስለሆነ ከመክፈልዎ በፊት ሱቁ በር ላይ የቆመ መኪና ይነሳበት። አሥር ደቂቃ ይጠብቁና ከፍታውን በሜትር መልሰው ይለኩ፤ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ ከወረደ ይመልሱለት። ሲያወርዱትም ቁልፉን በጥቂቱ ሲፈቱት ቀስ ብሎ መውረድ አለበት፤ ዱብ የሚል ከሆነ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።