ሥራ ሲቀር ሕክምናውስ? የአእምሮ ሕመምና የጤና መድን ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ደባርቅ

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ በወገራ ወረዳ አምባ ጊዮርጊስን አቋርጦ ያልፋል። ከዚያም በዳባት በኩል አድርጎ፣ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ደባርቅ፣ ማለትም ወደ ስሜን ተራሮች መግቢያ ይዘልቃል። የዚህ ደጋ ነዋሪ አብዛኛው ገብስና ባቄላ የሚያመርት ገበሬ ነው፤ እንደ መምህርና የጤና ባለሙያ ያለው ደመወዝተኛ ቁጥሩ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ግን ሁለቱንም ይነካል፦ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ገቢው ሲቋረጥ ሕክምናውን በምን ይቀጥላል?

ጥያቄው ለአካባቢው ሩቅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ደርሶ፣ በጭና ተክለሃይማኖት በርካታ ሲቪሎች ተገድለዋል፤ ብዙ ተፈናቃዮችም በደባርቅ ተጠልለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት መሠረት፣ ባለፉት አሥር ዓመታት ግጭት ባየ ስፍራ ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ ቀላልም ሆነ ከባድ የአእምሮ ሕመም አለበት። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታቋርጥ፣ በዚያ ገንዘብ በጤና ሚኒስቴር በኩል የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የአገራችን የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋርጧል። ደመወዝ ሲቆም ከደመወዝ ጋር የተያያዘው ጥቅም ሁሉ አብሮ ይቆማል።

ቀስ ብሎ የሚመጣ ዕዳ

እ.ኤ.አ. በ1952 በፓሪስ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ለአእምሮ ሕሙማን ተሰጥቶ ውጤት አሳየ። እርሱና ከእርሱ በኋላ የመጡት እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉት መድኃኒቶች፣ ዶፓሚን የተባለው መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር በአንጎል ሴሎች ላይ የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች በከፊል ይዘጋሉ። በዚህም የሌለ ድምፅ መስማትንና መሠረት የሌለውን ጥርጣሬ ያበርዳሉ። ይሁን እንጂ ሕመሙን ከሥሩ ነቅለው አይጥሉትም። እንደ ደም ግፊት መድኃኒት ሁሉ የሚጠቅሙት በተከታታይ ሲወሰዱ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። መድኃኒቱ በተቋረጠ ማግስት ብዙውን ጊዜ የሚታይ ለውጥ የለም። ታማሚው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ደኅና መስሎ ይሰነብታል። ስለዚህ የቸገረው ቤተሰብ ከጤፉ፣ ከቤት ኪራዩና ከልጆች ደብተር አስቀድሞ ይህን ወጪ ቢቀንስ አያስደንቅም። ሕመሙ ሲያገረሽ ግን የሚጠይቀው ወጪ ከተቆጠበው እጅግ ይበልጣል፤ ሆስፒታል መተኛት፣ አስታማሚ፣ የእርሻ ወይም የቢሮ ሥራ መስተጓጎል ይከተላሉ።

ወጪው ያለው ከየት ላይ ነው?

ከላይ የጠቀስናቸው መድኃኒቶች የቆዩ ስለሆኑ የፈጠራ ባለቤትነት መብታቸው አልፏል፤ ለማምረትም ውድ አይደሉም። ከባዱ ወጪ መንገዱ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለነበረ፣ የስሜን ሰው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አገልግሎቱን በመስጠቱ ርቀቱ በእጅጉ አጥሯል። ቢሆንም ከደባርቅ ጎንደር ደርሶ መመለስ የሁለት ሰው መሳፈሪያ፣ ምግብ፣ ምናልባትም አዳር ይጠይቃል፤ ታማሚው ብቻውን አይሄድምና። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ገንዘብ ያለውም ቢሆን ቀጠሮው ያልፈዋል።

ከሥራ ጋር የታሰረ ሽፋን

ኢትዮጵያ ለመደበኛው ክፍለ ኢኮኖሚ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002ን ያወጣችው በ2002 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ሠራተኛውና አሠሪው ከደመወዙ ላይ መዋጮ እንዲያደርጉ ነበር፤ ተግባራዊነቱ ግን በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በግል ድርጅትና በፕሮጀክት የተቀጠረው ሰው የሚያገኘው የሕክምና ሽፋን እንደ ቅጥር ውሉ ይለያያል፤ ሥራው ሲያበቃም ያበቃል። በአሜሪካም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ ሥራ ያጣ ሰው ሽፋኑን በአብዛኛው እስከ 18 ወራት እንዲያቆይ ቢፈቅድለትም፣ አሠሪው ይከፍልለት የነበረውን ድርሻ ጭምር ራሱ እንዲችል ያስገድደዋል።

ይህ አሠራር በተለይ ለአእምሮ ሕመም አይመችም። እንደ ስኪዞፍሬንያ ያሉት ከባድ ሕመሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በወጣትነት፣ ሰው ሥራ በሚይዝበት ዕድሜ ነው። ሕመሙ ሥራን ያሳጣል፤ ሥራ ማጣትም በበኩሉ ሕመሙን ያባብሳል። ስለዚህ ከሥራ ጋር የታሰረ ሽፋን የሚጠፋው በጣም በሚያስፈልግበት ጊዜ ነው።

ከዕድር የምንማረው

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ የመድን ስሌት ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ለምሳሌ ያህል ከ1,000 አባወራዎች በዓመት አሥሩ እያንዳንዳቸው 5,000 ብር የሚጠይቅ ሕመም ቢገጥማቸው፣ ጠቅላላው ወጪ 50,000 ብር ይሆናል። ይህ ለሁሉም ሲከፋፈል በነፍስ ወከፍ አባወራ 50 ብር ነው። አሥሩ እነማን እንደሚሆኑ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ ቁጥራቸውን ግን በግምት ማወቅ ይቻላል። አባላቱ በበዙ ቁጥር ግምቱ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የተመሠረተው በዚህ ስሌት ላይ ነው። ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ይገኙባቸው ነበር። የአባልነቱ መለኪያ ሥራ ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ መክፈል ለማይችሉት ድሆችም መንግሥት መዋጮውን ይሸፍናል። ሆኖም ሁለት ክፍተቶች ይታዩናል። መዋጮው የሚሰበሰበው በተወሰነ ወቅት በመሆኑ፣ በሌላ ወር ሥራውን ያጣ ደመወዝተኛ በሁለቱ መድኖች መካከል ይወድቃል። መሳፈሪያም በመድኑ አይሸፈንም።

ሕክምናውን ወደ ሰው ማምጣት

መንገዱ ውድ ከሆነ መፍትሔው መንገዱን ማሳጠር ነው። በቡታጅራ ከ68 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም የተገኘባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አላገኙም ነበር። በኋላም በሶዶና አካባቢው በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አጭር ሥልጠና ወስደው እንዲያክሙ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የዚህ ሙከራ ውጤት እንደሚያመለክተው፣ በጤና ጣቢያ የታከሙት ሕሙማን የሕመም ሁኔታ በሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከታከሙት ያነሰ አልነበረም። በዘይት ተበጥብጦ የሚሰጠውና ከጡንቻ ወደ ደም ቀስ ብሎ የሚገባው እንደ ፍሉፌናዚን ያለው መርፌ ደግሞ፣ ክኒን በየቀኑ መዋጥን በየሁለት ወይም በየአራት ሳምንቱ በሚደረግ አንድ ጉብኝት ይተካል።

እንግዲህ ለአምባ ጊዮርጊስ፣ ለዳባትና ለደባርቅ የሚያስፈልገው ከአቅም በላይ አይደለም። ጥቂት መድኃኒቶች በየጤና ጣቢያው ሳይቋረጡ ይገኙ፤ ሥራ ያጣ ሰው ወቅት ሳይጠብቅ በማኅበረሰብ አቀፉ መድን ይመዝገብ። ቤተሰብም ገንዘብ ሲያጥረው መድኃኒቱን በዝምታ ከማቋረጥ ይልቅ ችግሩን ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ ይንገር፤ ብዙ ጊዜ በዋጋ የሚቀል ሌላ መድኃኒት አለና። ጸበል የሚጠመቅም ክኒኑን ሳያቋርጥ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል። ደመወዝ ሊቋረጥ ይችላል፤ ሕክምናው ግን አብሮ እንዳይቋረጥ ማድረግ የሚቻል ነው እንላለን።