ማንጎው ሲያልቅ ዝንቧ የት ትገባለች?

የፍራፍሬ ዝንብ ስል ጭማቂ ቤት በበሰበሰ ሙዝ ላይ የምታንዣብበውን ደቃቃ ማለቴ አይደለም። የኔዋ ጤነኛውን ማንጎና ብርቱካን ወግታ እንቁላሏን ከልጣጩ ሥር የምትጥለው ናት። ትሉ ጠግቦ ሲጨርስ አፈር ውስጥ ይገባና የስንዴ ፍሬ መስሎ ይቆያል፤ ከዚያ ዝንብ ሆኖ ይወጣል።

ማንጎው ሲለቀም ብዙ ሰው «አለቀላት» ይላል። ኧረ ምን ሲደረግ! የምትበላበትና የምትወልድበት ለየቅል ነው። ፍሬ የምትሻው ለልጆቿ ነው፤ ለራሷ ክሽክሽ ቅጠል ላይ የሚተወው ጣፋጭ ፈሳሽና የወፍ ኩስ አያጡባትም። እንቁላሉ በሆዷ ሲከማች ደግሞ ምርጫ ትተዋለች፤ ትንቀው የነበረውን ፍሬ ትወጋለች። እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ውስጥ የተገኘችው የእስያዋ ዝንብማ ከ300 በላይ ዓይነት ተክል ላይ እንደምትራባ ተመዝግቧል። አጥር ጥግ የቆመች አንዲት ዘይቱን መች አነሰቻት?

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ቡናው ነው። የሜዲትራኒያን ዝንብ የሚሏት፣ ትውልዷ ግን አፍሪካ የሆነው፣ እንቁላሏን በቀይ የቡና እሸት ውስጥ ትጥላለች። ትሉ ከልጣጩ ሥር ያለውን ጣፋጭ ሥጋ ይበላል እንጂ ቡናውን አይነካም። ሥጋው ለማንኛውም ተፈልፍሎ የሚጣል ስለሆነ ቡና አምራቹ ከጠላት አይቆጥራትም። በሲዳማና በጌዴኦ ጓሮዎች ደግሞ ቡናና ፍራፍሬ ጎረቤት ናቸው፤ ብርቱካኑ ባዶ ቢሆንም ቡናው ከቀላ ዝንቧ ቤት አላጣችም።

ቡናው ይቆረጥ ማለቴ አይደለም። የእሸቱ ሥጋ ስስ ስለሆነ ትሉ የሚደበቅበት ጥልቀት የለውም፤ በላዩ ወልዳ የምትገድለው ጥገኛ ተርብ በቀላሉ ትደርስበታለች። ከኬንያ የቡና እሸት የተገኘች አንዲት እንዲህ ያለች ተርብ ለዚሁ ሥራ እስከ ሃዋይ ተወስዳለች።

ዝንቧ ይህ ሁሉ መጠጊያ እያላት፣ ወንዱን ብቻ የሚስብ የሽታ ወጥመድ ሰቅለው «ተገላገልኩ» የሚሉ ያናድዱኛል፤ አንድ የተረፈ ወንድ ብዙ ሴት ያስረግዛል። የወደቀውን ዘይቱን ጠርገው አጥር ሥር የሚከምሩት ይብሳሉ፤ ለትሉ ጥላና ለስላሳ አፈር አዘጋጁለት ማለት ነው። የወደቀ ፍሬ በየጊዜው ተለቅሞ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ይቀበር። መቆፈር የሰለቸው በጥቁር ፌስታል አጥብቆ ይሰረውና ትሉ እስኪሞት ፀሐይ ላይ ይተወው።