ጥላቸውን የሸጡት እናት

ዚፕ ያላት ትንሽ የጨርቅ ቦርሳ ናት፤ እስክሪብቶ፣ መነጽርና ሳንቲም የሚያዝባት ዓይነት። ፊቷ ላይ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ተቀምጠዋል፤ ፀጉራቸውን በነጭ ቆብ ሸፍነው፣ ነጭ ሻል ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ መነጽራቸውን ሰክተው። የጀመሩት ሹራብ እጃቸው ላይ ነው፤ ክሩ ጥቁር ቀሚሳቸው ላይ ይወርዳል። አጠገባቸው ካለው ጠረጴዛ ላይ አበባና መጽሐፍ ይታያል።

ሶጆርነር ትሩዝ ናቸው። በ1797 እ.ኤ.አ. ገደማ ኒው ዮርክ ውስጥ በባርነት ተወለዱ፤ አፍ የፈቱትም በደች ቋንቋ ነው። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ከበጎች ጋር ተደርበው በ100 ዶላር ተሸጡ። በ1826 ጨቅላ ልጃቸውን ታቅፈው ከጌታቸው ቤት ወጡ። ወደ አላባማ የተሸጠባቸውን ልጃቸውን ፒተርን ደግሞ ፍርድ ቤት ቆመው በ1828 አስመለሱ። አንዲት ጥቁር እናት በዚያ ዘመን ነጭ ከስሳ መርታቷን ሳስብ ዛሬም ይደንቀኛል። በ1843 ለራሳቸው ስም አወጡ፤ ትርጉሙ ተጓዥ እውነት እንደ ማለት ነው።

ቦርሳዋ ላይ ያለው ፎቶ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የተነሳ ነው። እየዞሩ ባርነትን ሲቃወሙ ከመተዳደሪያቸው አንዱ ይኸው ፎቶ ነበር። የእንቁላል ነጭ በተቀባ ወረቀት ላይ ይታተምና ከመጫወቻ ካርታ ጥቂት በምትረዝም ካርቶን ላይ ይለጠፋል፤ እሳቸውም በየስብሰባው ይሸጡታል። ከግርጌው ስማቸው ሰፍሯል፤ ጥላቸውን የሚሸጡት አካላቸውን ለማኖር እንደሆነም ተጽፎበታል። ያኔ ፎቶን ጥላ ማለት የተለመደ ነበር። በ1864 የፎቶውን የባለቤትነት መብት በራሳቸው ስም አስመዘገቡ፤ ማንበብና መጻፍ ግን አይችሉም ነበር። በልጅነታቸው ሌላ ሰው የሸጣቸው ሴት፣ ሲያረጁ የገዛ መልካቸው ሻጭ ራሳቸው ሆኑ።

አሁን መልካቸው ጨርቅ ላይ ነው። ጨርቁ ፖሊስተር ከሆነ ቀለሙ በ200 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ወደ ጋዝ ተለውጦ ክሩ ውስጥ ይገባል፤ ቢታጠብም ቶሎ አይለቅም። ጥጥ ከሆነ ቀለሙ ከላይ ይቀመጣል፤ ሲታሽ ይሳሳል፣ መጀመሪያም የሚነጣው ዚፑ አጠገብ ያለው እጥፋት ነው። እኔ ግን ጥጡን እመርጣለሁ። የድሮ ፎቶ ጥላና ብርሃን በሚያብረቀርቅ ጨርቅ ላይ ይደርቃል፤ ጥጥ ላይ ይለሰልሳል።

የሚያሳስበኝ ግርጌው ነው። ሠሪው ለቦርሳዋ ልክ ብሎ ጽሑፉን ከቆረጠው ስማቸው አብሮ ይቆረጣል። ያስመዘገቡት መብት ዘመኑ ስላለፈ ዛሬ ማንም ሰው ፎቶውን ማተም ይችላል፤ ስለዚህ ከምስሉ ጋር ሊቀርላቸው የሚችለው ስማቸው ብቻ ነው። ቦርሳዋን የምትገዙ እባካችሁ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ። ስማቸው ከሌለ፣ በማይለቅ እስክሪብቶ ገበሩ ላይ ጻፉላቸው።