በአደራ ስለሚጠበቁ እንስሳት

አደራ ማለት የራስ ያልሆነውን ነገር ተቀብሎ እንደ ራስ ገንዘብ ጠብቆ፥ ጊዜው ሲደርስ ሳያጐድሉ መመለስ ነው። አባቶቻችን የዚህን ነገር ክብደት ሲያስረዱ «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። ብር በአደራ የተቀበለ ሰው ብሩን በሣጥን ቈልፎ ካስቀመጠ ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል። እንስሳን በአደራ የተቀበለ ሰው ግን እንዲህ ሊያደርግ አይችልም፤ እንስሳ ይራባል፥ ይጠማል፥ ይታመማል፥ ይፈራልም፤ ሕመሙንም በቃል ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ሕይወት ያለው አደራ ከአደራ ሁሉ ይከብዳል።

እንዲህ ያለው አደራ ለጉራጌ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በዚያ አገር በክቡ የሣር ቤት ውስጥ ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር ማደር የቆየ ልማድ ነው፤ በአንድ ወገን ምድጃው፥ በሌላው ወገን የከብቶቹ ማደሪያ ይሆናል። ብዙ ከብት ያለው ሰውም ከላሞቹ አንዲቱን ላም ለሌለው ዘመዱ ወይም ጎረቤቱ ይሰጣል። ተቀባዩ ወተቷን ይጠጣል፥ ፍግዋንም በእንሰቱ ሥር ያፈስሳል፤ ላሚቱ ግን የሰጪው ናት። ይህ ሥርዓት መልካም ነው፤ በዚህ ጠባቂው ድካሙን በወተትና በፍግ ይካሳል። እኛ ግን አሁን የምንነግራችሁ ጠባቂው ምንም ዋጋ የማይቀበልበትን አደራ ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1860 ዓ.ም. ሜሪ ቲልቢ የተባለች እንግሊዛዊት በሎንዶን ከተማ ለጠፉና ለተራቡ ውሾች መጠጊያ ቤት ከፈተች። በዚያ ጊዜ ብዙ ሰዎች፥ ጋዜጣም ሳይቀር፥ ከርኅራኄ ያለፈ ሞኝነት ነው ብለው አፌዙባት። ያ ቤት ግን በ1871 ዓ.ም. ባተርሲ ወደሚባለው ሰፈር ተዛውሮ እስከ ዛሬ ሥራውን ይሠራል። ሆኖም እንዲህ ያለ ቤት የቱን ያህል ቢሰፋ ለሁሉ አይበቃም። ብዙ እንስሳት በሚጮኹበት ስፍራ እናቱ የሞተችበት ቡችላ፥ አዲስ የታከመ ቍስለኛ፥ ከዱላ ብዛት የተነሣ ሰው ሲያይ የሚደነግጥ ውሻ ዕረፍት አያገኝም። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞች እንዲህ ያለውን እንስሳ ለጥቂት ሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት በቤታቸው ያስታምሙታል፤ በዳነና በጠነከረ ጊዜም ለዘለቄታው ለሚያሳድረው ሰው ይሰጣል።

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ቡታጅራም ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ የገበያ ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ጭነት የሚሸከም አህያ፥ ጋሪ የሚጐትት ፈረስ፥ በየመንገዱ የሚያድር ውሻ ይታያል። አንዲት እንጨት ሻጭ መበለት አለች እንበል። ሀብቷ አንዲት አህያ ናት፤ የአህያይቱም ጀርባ ገጣባ ሆኗል። ቍስሉ የሚድነው ጭነት ሲቀር መሆኑን መበለቲቱ ታውቃለች፤ ነገር ግን አህያይቱ ያረፈች ቀን የልጆቿ ጕርስ ይቀራል። ስለዚህ እያዘነች ትጭናታለች፤ ቍስሉም እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ አህያይቱም ጕርሱም ይጠፋሉ። ጎረቤቶቿ ተመካክረው አንዱ አህያይቱን በግቢው ቢያስታምም፥ ሌላው የራሱን አህያ በገበያ ቀን ቢያውሳት ግን እንስሳይቱም ትድናለች፥ ቤቱም አይፈርስም። እንግዲህ ይህን ሥራ ለመጀመር ትልቅ መጠጊያ ቤት እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም።

በጎ ፈቃድ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ዕውቀት ያስፈልገዋል። በ1969 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ኤልሳቤጥ ስቬንድሰን በእንግሊዝ አገር የመሠረቱት የአህያ መጠለያ ማኅበር አህያን በሰው ቤት ሲያሳድር ከባልንጀራው ጋራ እንጂ ለብቻው አይሰጥም። አህያ ከለመደው ባልንጀራ ሲለይ አዝኖ መብሉን ይተዋልና። ይህ ማኅበር በኢትዮጵያም በቢሾፍቱ ብዙ አህዮችን አክሟል።

ጠባቂ ሊያደርጋቸው የሚገቡት ነገሮች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፥ በመንገድ የተገኘ እንስሳ ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት አይደለምና አስቀድሞ ጎረቤቱንና ቀበሌውን ይጠይቅ። ሁለተኛ፥ በሽታ እንዳይጋባ ከራሱ ከብት ለይቶ ደረቅ ስፍራ ይስጠው። ውሻ በቤት ውስጥ ሲገባ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ብዙ ጊዜ አይወድድም፤ ስለዚህ ከግቢው ጥግ ዝናም የማያገባ ጎጆ ቢሠራለት ይበቃል። ሦስተኛ፥ እጅግ የተራበውን እንስሳ በአንድ ጊዜ አያጥግበው፤ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ደጋግሞ ያብላው። እናቱ የሞተችበት አዲስ ቡችላ ሙቀቱን ራሱ ሊጠብቅ ስለማይችል ይሸፈን፤ ሌሊትም ሳይቀር በየሁለትና በየሦስት ሰዓት ይመገብ። እናት ያለችው ቡችላ 8 ሳምንት ሳይሞላው አይለይ። አዲስ የተወለደ ጥጃም በስድስት ሰዓት ውስጥ እንገር ካላገኘ በሽታን የሚቋቋምበት ኃይል ያጥረዋል። አራተኛ፥ ሐኪም ሳያይ መድኃኒት አይስጥ፥ ቍስልንም በጋለ ብረት አይተኵስ።

ከሁሉ ይልቅ ሊፈራ የሚገባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ በሽታ በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፤ ከሚሞቱትም መካከል ብዙ ሕፃናት አሉ። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሉዊ ፓስተር በ1885 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ክትባቱን በተነከሰ ልጅ ላይ ከሞከረ ወዲህ በጊዜው የደረሰ ሰው ይድናል። ስለዚህ ክትባት ያልተከተበ ውሻ ልጆች ባሉበት ግቢ አይግባ። የተነከሰ ሰው ቍስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የዱር እንስሳ ግን የቤት አደራ አይሆንም። የሚዳቋ ግልገል ብቻዋን ተኝታ ብትገኝ እናቷ የሞተችባት አይምሰላችሁ፤ እናቲቱ ለግጦሽ ስትሄድ በቍጥቋጦ ትሸሽጋታለችና ባለችበት ተዉአት። በሕገ ወጥ መንገድ ለተያዙ እንደ አንበሳና እንደ አቦ ሸማኔ ላሉት አራዊት በሆለታ አጠገብ «እንስሳ ኮቴ» የተባለ መጠለያ አለ፤ ጥበቃቸው የዐዋቂዎች ሥራ ነው።

በዚህ አደራ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይሳሳታሉ። አንዱ በአንድ ቀን ርኅራኄ ቡችላ አንሥቶ፥ ባደገና በጮኸ ጊዜ መልሶ ወደ መንገድ ይጥለዋል፤ ይህ ከመጀመሪያው ካለማንሣት ይከፋል፤ የሰውን እጅ ለምዶ የተጣለ እንስሳ ራሱን መመገብ አያውቅምና። ሁለተኛው ደግሞ እጅግ ከመውደዱ የተነሣ የአደራውን እንስሳ አልመልስም ይላል። የዚህ ሰው ጥፋት ከፍቅር የመጣ ስለሆነ ብዙዎች አይነቅፉትም። ነገር ግን ግቢው አንድ ነው፤ የዳነው ካልወጣ የታመመው አይገባም። ያዳነውን ይዞ የቀረ ሰው አንዱን ብቻ አዳነ፤ አድኖ የመለሰ ግን ደጁን ለሚመጣው ሁሉ ከፈተ።