ያለ ማስመሪያ መስፋት

አኒ ሜይ ያንግ የተባሉ የአላባማ ሴት እ.ኤ.አ. በ1976 የሰፉትን ኩዊልት (ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ድርብ የአልጋ ልብስ) ፎቶ ፈልጋችሁ እስቲ እዩት። መሃሉ ላይ ቀይ፣ ቡናማና ቢጫ የኮርዶሮይ ጭረቶች ተደርድረዋል፤ ዙሪያቸውን በሥራ ያረጀ የጂንስ ጨርቅ ከቧቸዋል። የጭረቶቹ ወርድ እኩል አይደለም፤ ጂንሱም አንዱ ጋ ጠቆር፣ ሌላው ጋ ነጣ ይላል። እንዲያም ሆኖ ዓይን ከመሃሉ መነሳት አይፈልግም። ዊልያም አርኔት የተባሉ የጥበብ ሥራ ሰብሳቢ ይህን ኩዊልት በአንድ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ላይ አይተው ነው ሰፊዋን ፍለጋ ጂስ ቤንድ እስከተባለችው የአላባማ መንደር ድረስ የሄዱት። ከዚያ የተወለደው ዐውደ ርእይ በ2002 አስቀድሞ በሂዩስተን፣ ቀጥሎም ኒውዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ታየ። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት አሥር የጂስ ቤንድ ኩዊልቶችን በቴምብር አተመ።

እኔን ከዝናው ይልቅ የሚያስደንቀኝ አሠራሩ ነው። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁትም ስለ እሱ ነው።

ኩዊልት ሦስት ድርብ አለው፦ ከላይ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመው ፊት፣ ከመሃል ስስ የጥጥ ንጣፍ፣ ከታች ገበር። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዛቸው ከፊት እስከ ገበር የሚዘልቅ ስፌት ነው። በተለመደው አሠራር የፊቱ ንድፍ አስቀድሞ በወረቀት ይሳላል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ተለክቶ ይቆረጣል፣ ከዚያ መስፋት ይጀመራል። ያለ ንድፍ የሚሰፋ ሰው ግን ጥቂት ይቆርጣል፣ ይሰፋል፣ ይተኩሳል፣ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ራቅ ብሎ ያያል። የሚቀጥለውን ቁራጭ የሚመርጠው ካየ በኋላ ነው። አዝማሪ ግጥሙን እዚያው እየፈጠረም ቅኝቱንና ቤት መምቻውን እንደማይለቅ ሁሉ፣ እዚህም የማይለቀቅ ነገር አለ። እሱም የጨርቁ ጠባይ ነው።

የተሸመነ ጨርቅ ያዙና በድሩ አቅጣጫ ሳቡት፤ እምብዛም አይለጠጥም። በማጉ በኩል ትንሽ ላላ ይላል። በሰያፍ ስትስቡት ግን ይለጠጣል፣ ስትለቁትም ሁልጊዜ ወደ ቦታው አይመለስም። በማስመሪያ የሚቆርጥ ሰው ጠርዙን ከድሩ ጋር ስለሚያስተካክል ይህ ብዙም አያሳስበው ይሆናል። በዓይኑ ገምቶ የሚቆርጥ ሰው ግን እያንዳንዱ ጠርዙ ጥቂት ሰያፍ ይኖረዋል። ስለዚህ ሲሰፋ ጨርቁን አይጎትትም፤ ሲተኩስ ካውያውን እያነሳ ይጫናል እንጂ ወዲያና ወዲህ አይገፋም። ይህችን ያልያዘ ጀማሪ ሥራው ጠርዝ ጠርዙ እየተነሳ ሞገድ ይሠራበታል። ነጻነቱ የሚጀምረው ከዚህ ጥንቃቄ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከአሠራሮቹ ሁሉ መጀመሪያ እንድታውቁት የምፈልገው የጂስ ቤንድ ሴቶች «የቤት ጣራ» የሚሉትን ነው። አንድ እራፊ መሃል ላይ ይቀመጣል። በአንዱ ጎኑ ጭረት ይሰፋበታል፤ የተረፈው ከጠርዙ ጋር እኩል ይቆረጣል። ከዚያ ሥራው ይዞርና በሚቀጥለው ጎን ሌላ ጭረት፣ አሁን የመጀመሪያውን ጭረት ጫፍ ጭምር የሚሸፍን፣ ይሰፋል። እንዲህ እየዞረ ያድጋል። ጭረቶቹ ትክክል ከሆኑ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ውስጥ ይወጣል። አንዱን ጭረት በአንድ ጫፉ ቀጠን አድርጋችሁ ብትቆርጡት ግን መላው አራት ማዕዘን ያዘነብላል፤ ቀጣዩ ጭረት ያን ዝንባሌ ወይ ያባብሰዋል፣ ወይ ያቃናዋል። ምርጫው በእያንዳንዱ ዙር እንደ አዲስ ይመጣል። አንድ ቀላል አሠራር ይህን ያህል ብዙ መልክ መስጠቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ቦታውን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ጂስ ቤንድን የአላባማ ወንዝ በሦስት በኩል ይከባታል። የነዋሪዎቿ ቅድመ አያቶች በጥጥ እርሻው ላይ በባርነት የሠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ዛሬም የሚጠሩበት «ፔትዌይ» የሚለው ስም የባሪያ አሳዳሪው ስም ነው። ጥቁሮች ለመራጭነት ለመመዝገብ ከወንዙ ማዶ ወዳለችው ካምደን ከተማ መሻገር በጀመሩበት ዘመን፣ በ1962፣ የወንዙ ጀልባ ተቋረጠ፤ እስከ 2006 አልተመለሰም። በዚህ ሁኔታ የሚሰፋው የተገኘው ጨርቅ ነው። ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 ባለቤታቸው ሲሞቱ የሥራ ልብሳቸውን ቆራርጠው ኩዊልት አደረጉት፤ ሊለብሱት፣ ሊያስታውሱበት። ሱሪ የሚሰጠው ረጅምና ጠባብ ቁራጭ ስለሆነ ከሥራ ልብስ የተሠሩት ኩዊልቶች በረጃጅም ቅርጾች የተሞሉ ናቸው። በአካባቢው ሴቶች የተቋቋመው ማኅበር ደግሞ በ1972 ለሲርስ ኩባንያ የኮርዶሮይ ትራስ ልብስ መስፋት ጀመረ፤ ትርፍራፊው ወደየቤቱ ገባ። ኮርዶሮይ ወፍራም ስለሆነ ጥቃቅን ቁራጭ አይወድም፤ ስፌቱ ይደራረብና ይደነድናል። የዚያ ዘመን ኩዊልቶች ትልልቅና ደፋር ቅርጽ የያዙት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ እጃችን ሥራ እንመለስ፤ አሁን በጣም የምወደው ላይ ደርሰናል። ሁለት ጨርቆችን ሁለቱንም ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጠርዛቸውን አነባብሩ። በተነባበረው ቦታ ላይ፣ ሁለቱንም በአንዴ፣ ለስለስ ያለ ቅስት ቁረጡ። ከላይና ከታች የሚወጡትን ሁለት ቀጫጭን ትርፎች አንሱ። የቀሩት ሁለት ጠርዞች አንድ ዓይነት መስመር አላቸው። ፊትና ፊታቸውን ስታጋጥሙ ግን አንዱ ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ ስለሚጎብጥ ፈጽሞ የማይገጥሙ ይመስላሉ። አትፍሩ። ጥቂት ጥቂት እያጋጠማችሁ ቀስ ብላችሁ ስፉ፤ ቅስቱ ሰያፍ ስለሆነ ጨርቁ ይታዘዛል። ቅድም ያስቸገረን የሰያፍ መለጠጥ እዚህ ዋናው ረዳታችን ነው። ቅስቱን በጣም ካጠፋችሁት ግን ይጨማደዳል።

ሌላው ቀጭን መስመር ማስገባት ነው። የተሰፋውን ክፍል በድፍረት ለሁለት ትሰነጥቁትና 2.5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጭረት መሃል ታስገባላችሁ። የስፌቱ ትርፍ በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ከጭረቱ 1.3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይታያል፤ ከተሰነጠቀው ክፍልም 1.2 ይዋጣል። መጠኑ እምብዛም ሳይለወጥ በሥራው ላይ አዲስ መስመር አለፈበት ማለት ነው። ስንጥቁ በሰያፍ ከሆነ የግራና የቀኙ ቅርጾች እርስ በርስ ይዛነፋሉ። አንዳንዱ ሰፊ ሳብ አድርጎ ያስተካክላቸዋል፤ እኔ መዛነፉን እመርጣለሁ፤ እንቅስቃሴ ይሰጠዋልና።

በዚህ መንገድ የተሠሩ ክፍሎች ቁመታቸው አይገጥምም። ያጠረው ላይ ቁራጭ ይቀጠላል፣ የረዘመው ይቆረጣል፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ዛሬ ይህ ሁሉ በየትምህርት ቤቱና በየመጽሐፉ ይሰጣል። ግዌን ማርስተን በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ብዙ ሰፊዎችን ከንድፍ ወረቀት አላቀዋል፤ ሸሪ ሊን ዉድ በ2015 መጽሐፋቸው ከልክ ይልቅ መነሻና ገደብ ብቻ እየሰጡ ያስተምራሉ። ኦሃዮ ውስጥ የሚሠሩት ናንሲ ክሮው ያለ ማስመሪያ በመቁረጥ ስማቸው ገንኗል፤ የእሳቸውን መንገድ ካቀኑት ሥራዎች መካከል ግን በባተን ሩዥ የኖሩት ጥቁር ሰፊ የአና ዊልያምስ ኩዊልቶች አሉበት። ይህን ሐረግ ሳይጠቅሱ «አዲስ ስልት» ብሎ ማስተማር ትክክል አይመስለኝም።

ካሊፎርኒያ ሪችመንድ ውስጥ የኖሩት ሮዚ ሊ ቶምፕኪንስ ደግሞ ለብቻቸው ናቸው። ሐር መሳይ ከፋይ ከቀጭን ጥጥና ከሰው ሠራሽ ጨርቅ ጋር ይገጥሙ ነበር። ከፋይ በመርፌው ስር የሚንሸራተት ጨርቅ ነው፤ አንድ ላይ ተሰፍቶም ጠፍጣፋ አይተኛም፤ የእሳቸው ሥራ ላይ ብርሃኑ እየተለዋወጠ የሚጫወተው በዚህ ነው። ሰብሳቢው ኢላይ ሊዮን ያቆዩዋቸው 3,000 ገደማ ኩዊልቶች፣ የቶምፕኪንስም ጭምር፣ ዛሬ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም እጅ ናቸው፤ ኦክላንድ አካባቢ ያላችሁ ወዳጆች፣ ለዕይታ ሲወጡ እንዳያመልጧችሁ።

ለመሞከር ሁለት ያረጁ የጥጥ ሸሚዞች ይበቃሉ፤ አንዱ ጠቆር ያለ፣ ሌላው ፈካ ያለ ይሁን። በ«የቤት ጣራ» ጀምሩ፣ አንድ ጊዜ ሰንጥቁት፣ አንድ ቅስት ጨምሩበት። ከንጣፉና ከገበሩ ጋር ከመደረቡ በፊት ወለል ላይ ዘርግታችሁ እዩት። የተነፋ ቦታ ካለ እጥፍ አድርጋችሁ ስፉት፤ አዲሱ መስመር የሥራው አካል ይሆናል። ትናንሾቹን አለመግጠሞች ተዉአቸው። የጥጥ ንጣፍ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ በስፌቶቹ መካከል ያለው ጨርቅ ይኮማተርና ይውጣቸዋል።