ከዴልሂ እስከ ቶኪዮ ስላለው የአየር መንገድና ስለ ሰዓቱ አቈጣጠር

የመንገድ ርዝመትና የጉዞ ጊዜ ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። አስተማሪ ሁለቱን ለይቶ ካላስረዳ ተማሪው ሒሳቡን በትክክል እየደመረ ከስሕተት ይደርሳል። ለዚህም የህንዱ ከተማ ዴልሂና የጃፓኑ ከተማ ቶኪዮ መልካም ምሳሌ ይሆናሉ።

በምድር ሉል ላይ ከዴልሂ እስከ ቶኪዮ ፈትል ቢዘረጋ፥ የሚለካው ርቀት 5,850 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። አይሮፕላኑ ግን በተመደበለት መስመር ስለሚሄድ መንገዱ ከዚህ ጥቂት ይረዝማል።

እንግዲህ በኢትዮጵያ የሰዓት አቈጣጠር አንድ አይሮፕላን ከምሽቱ 2 ሰዓት ከዴልሂ ተነሥቶ በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቶኪዮ ገባ እንበል። ሲመለስም ከቶኪዮ በቀን በ6 ሰዓት ተነሥቶ በዚያው ቀን ምሽት በ12 ሰዓት ዴልሂ ደረሰ። ይህን የሰማ ሰው መሄጃው 11 ሰዓት፥ መመለሻው 6 ሰዓት ነው ይላል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ቶኪዮ ከዴልሂ ወደ ምሥራቅ ርቃ ስለምትገኝ ፀሐይ አስቀድማ ትወጣላታለች፤ ስለዚህ የቶኪዮ ሰዓት የዴልሂን በ3 ሰዓት ተኩል ይቀድማል። በቶኪዮ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን በዴልሂ ገና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ነው፤ ስለዚህ መሄጃው 7 ሰዓት ተኩል ብቻ ፈጀ። በመመለሻውም በዴልሂ ምሽት 12 ሰዓት ሲሆን በቶኪዮ ከሌሊቱ 3 ሰዓት ተኩል ነውና ጉዞው 9 ሰዓት ተኩል ፈጅቷል።

መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ መመለሻው ስለ ምን ዘገየ ቢባል፥ ምክንያቱ ነፋስ ነው። ከምድር 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ ብርቱ ነፋስ አለ፤ ስሙም ጄት ስትሪም ይባላል። በክረምታቸው ጊዜ በጃፓን ሰማይ ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ቀን አለ። ታንኳ ከወንዝ ጋራ ሲወርድ እንደሚፈጥን፥ ወንዙን ሲቃወም እንደሚዘገይ፥ አይሮፕላንም እንዲሁ ነው። ይህን ነፋስ ኦይሺ ዋሳቡሮ የተባለ ጃፓናዊ ሊቅ ፊኛ ወደ ሰማይ እየለቀቀ መረመረው። በ1926 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያሳተመውን ጽሑፍ ግን ኤስፔራንቶ በሚባል ቋንቋ ስለ ጻፈው በሌላ አገር ያነበቡት ጥቂቶች ነበሩ።

ስለዚህ አስተማሪው ይህን ሥርዓት ለተማሪዎቹ ያስተምር፤ አስቀድሞ የመነሻውንና የመድረሻውን ሰዓት ወደ አንድ ከተማ ሰዓት መመለስ፥ ከዚያ በኋላ መቀነስ ይገባል። በሁለት ሚዛን የተመዘነ እህል እንደማይነጻጸር ሁሉ፥ በሁለት አገር ሰዓት የተቈጠረ ጉዞም እውነተኛ ልኩ አይታወቅም።