ሐሞት ወደ ጨጓራ ሲመለስ

ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ፣ ሾኔም ሆነ ሺንሽቾ፣ ከእምብርት በላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ «ጨጓራ አለብኝ»። መድኃኒቱም ያው የታወቀው ነው፤ ከመድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል፣ ከቤት ደግሞ የተልባ ውኃ። ብዙውን ሰው ያስኬደዋል፤ የብዙው ሰው ችግር ከአሲድ ጋር የተያያዘ ነውና። ክኒኑን ለሳምንታት ውጦ ማቃጠሉ ያልተወው፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መራራ ፈሳሽ ደጋግሞ የሚያስመልሰው ሰው ግን አሲዱን ብቻ መክሰስ የለበትም። ሐሞትም ሊጠረጠር ይገባል።

ሐሞት በቦታው ሲሆን ወዳጅ ነው። ጉበት በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ ያመነጫል፤ ከፊሉ በሐሞት ከረጢት ይጠራቀማል። በሐዲያ ዘመን መለወጫ፣ በያሆዴ ሰሞን፣ በቅቤና በወተት የበሰለ አታካና የበላ ሰው ቅባቱ ትንሹ አንጀት እንደደረሰ፣ ከአንጀቱ ግድግዳ የሚለቀቅ ሆርሞን ከረጢቱን ይጨምቀዋል። ሐሞቱ አንጀት ላይ ይፈስና ሳሙና የሳህን ቅባት እንደሚያስለቅቅ ቅቤውን ይበታትነዋል።

ጣጣው ይኸው ሳሙና ወደ ኋላ ሲመለስ ነው። የጨጓራ ግድግዳ ከራሱ አሲድ የሚጠበቀው በላዩ ባለው ዝልግልግ ሽፋን ነው፤ ከሽፋኑ ሥር ያሉት ሕዋሳት ቆዳቸው ራሱ ከቅባት የተሠራ ነው። የሐሞት አሲዶችና ከቆሽት የሚመጣው ኢንዛይም ሐሞቱ ውስጥ ካለው ቅባት የሚሠራው ሌላ ቆርቋሪ ንጥረ ነገር ተባብረው ሽፋኑን ያሳሳሉ፣ የሕዋሱንም ቆዳ ይሸረሽራሉ። በተከፈተው ቀዳዳ የጨጓራው አሲድ ወደ ሥጋው ይሰርጋል። ግድግዳው ይቀላል፣ ያብጣል። ስለዚህ አሲድ የሚቀንሰው ክኒን ጉዳቱን ሊያቀልለው ይችላል፤ ሐሞቱን ግን ከመምጣት አያግደውም። ለዓመታት ሲቀጥል የጨጓራው ሕዋሳት የአንጀት ሕዋሳትን ወደ መምሰል ሊለወጡ ይችላሉ። ይህ ለውጥ የካንሰር ሥጋት ስላለበት ሐኪሞች ይከታተሉታል።

ትንሽ ሐሞት በጨጓራ መገኘቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። በጤነኛም ሰው ሌሊትና በባዶ ሆድ ጥቂት ይመለሳል፤ ደጋግሞ ያስመለሰ ሰውም በመጨረሻ የሚያወጣው ሐሞት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ቦሞንት በጥይት ሆዱ ተበስቶ ቀዳዳው ሳይደፈን በቀረ ሰው ጨጓራ ውስጥ ለዓመታት እየተመለከተ ያየውን በ1833 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። እሱም ሐሞት በጨጓራ ውስጥ ዘወትር የሚገኝ ነገር እንዳልሆነ፣ ቅባት ያለው ምግብ ሲዘወተር ግን ብቅ እንደሚል ጽፏል።

በጨጓራና በአንጀት መካከል ያለው ቀለበት መሰል ጡንቻ በሩን ይጠብቃል። በሩ አለወጉ ክፍት ከሚሆንባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ቀዶ ሕክምና ነው። በአገራችን ቁስለት ጠባሳ ሆኖ የጨጓራውን መውጫ የዘጋባቸው ብዙ ሰዎች ጨጓራቸው በቀጥታ ከአንጀት ጋር ተሰፍቶላቸዋል። ሕይወት ያተረፈ ሥራ ነው። ይሁንና በአዲሱ መንገድ ላይ ጠባቂ ጡንቻ የለም፤ ምግቡ እንደሚወርድ ሐሞቱም ይወጣል። ስለዚህ ከደረት አጥንት ሥር እስከ እምብርት የወረደ አሮጌ ጠባሳ ያለው አባት «ጨጓራዬ አገረሸብኝ» ሲል ጠባሳውን ሳያዩ ክኒን መስጠት ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል። ከአንጋጫ ወይም ከዶዮገና ሪፈር ተጽፎለት ሆሳዕና ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚሄድ ሰውም የድሮውን የቀዶ ሕክምና ወረቀት ቢይዝ ለሐኪሙ ግማሽ መንገድ ነው። የሐሞት ከረጢት ከወጣ በኋላም አንዳንዱ ሰው ላይ ተመሳሳይ ችግር ይታያል።

ማረጋገጫው ኢንዶስኮፒ፣ ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚገባበት ምርመራ ነው። በካሜራው የቀላ ግድግዳና የተኛ ቢጫ አረንጓዴ ፈሳሽ ይታያል። ሆኖም ቱቦው ራሱ ስለሚያቅለሸልሽ ሐሞት በዚያችው ሰዓት ሊመጣ ይችላል፤ ከግድግዳው ቁራጭ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየቱ ለዚህ ነው። ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያም አብሮ መመርመር አለበት።

ስለ መከላከል ሲነሣ ሰው ሁሉ በርበሬውንና ዳጣውን ይወቅሳል። እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለዲክሎፌናክና ለአይቡፕሮፌን ነው። ለወገብ ሕመም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጡት እነዚህ ክኒኖች በማይክሮስኮፕ ከሐሞት ጉዳት የማይለይ ጉዳት ያደርሳሉ፤ ክኒኖቹና ሐሞቱ ሲገናኙ ደግሞ የባሰ ነው። ቀጥሎ ሲጋራና አረቄ። ክትፎና አታካና ይቅር አይባልም፤ ግን ቅባት ከጨጓራ የሚወርደውን ምግብ ስለሚያዘገይ በትንሹ፣ በቀን፣ ከመኝታ ሦስት ሰዓት አስቀድሞ ቢበላ ይሻላል። መራራው ፈሳሽ ሌሊት ጉሮሮ ድረስ ለሚመጣበት ሰው በአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር እንጨት ማስገባት ትራስ ከመደራረብ ይበልጣል። ተልባው ያለሰልስ ይሆናል፣ ሐሞቱን ግን አይመልስም። ሐኪም እንደ ሁኔታው ሱክራልፌት ወይም ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ ያዝዛል። በቀዶ ሕክምና የመጣና በመድኃኒት ያልተመለሰ ከሆነ፣ ሐሞቱ የሚገባበት ቦታ ከጨጓራው ወደ ታች ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር እንዲርቅ አንጀቱን እንደገና መስፋት ይቻላል። የስዊሱ ቀዶ ሐኪም ሴዛር ሩ ስም የቀረበት ሥራ ነው።

ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ያለምክንያት መክሳት፣ ምግብ አልወርድ ማለት ወይም የትናንት ምግብ ማስመለስ ካለ ክኒን መሞከር ይቁም፤ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። ገና የተወለደ ሕፃን አረንጓዴ ካስመለሰ ደግሞ ነገሩ የጨጓራ ጉዳይ አይደለም። አንጀቱ ተጠማዝዞ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ መወሰድ አለበት።